የሴቶቹ በር

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ገረመው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምቱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? የእማማስ ዓይን ተሻለው ወይ፣ አዲሱ መነጽር ተስማማት? እኔና ባለቤቴ ስለሺ፣ ትንሿ ጽዮንም፣ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን።

«የልጅቷ ክርስትና የት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ኅዳር 4 ነው። ቦታውን መጻፍ ግን ያሳፍረኛል፤ ቢራ ቤት ነው፣ አባባ።

እስካሁን የምንጸልየው በሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እነሱ ሲወጡ እየገባን፣ ሲመጡ እየተጣደፍን እየወጣን። በቅርቡ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር አቶ አስማማው ከብሉር መንገድ ወረድ ብሎ «ባዶ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ፣ ፓርኪንግም አለው» ብለው መጡ። ውጪውን ላየ አይፈረድባቸውም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ቀይ ጡብ ነው፤ ጥጉ ላይ ሹል ግንብ ቆሟል፣ መስኮቶቹ ቅስት ያላቸውና ባለቀለም ናቸው። ደግሞም ጎን ለጎን ሁለት በር አለው። «ለወንድና ለሴት በር የሚለይ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ማን አለ?» ብለው ውስጡን ሳያዩ ተፈራረሙ። ቁልፉን የተረከብን ዕለት እልልታው ቀለጠ። የጽዮን ክርስትና እናት እንዲሆኑ የለመንኳቸው የሬክስዴል ሰፈር ጎረቤታችን እትዬ ኤልፍነሽ የሁለተኛውን በር ደፍ ተንበርክከው ተሳለሙ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሽታው አይጣል ነው! የስንት ዘመን ቢራ፣ ትንባሆና ሽንት አንድ ላይ ተቦክቶ ፊታችን ላይ ወጣ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የመጠጥ ባንኮኒ፣ ከጀርባው የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ትልቅ መስታወት አለ። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ በነጭ ሸክላ የተነጠፈ ቦይ አለ። ቁልፉን ያስረከበን ደላላ እየሳቀ እንደነገረን ጠጪዎቹ የሚተፉበት፣ የሰነፉትም ከቆሙበት ሳይነቃነቁ የሚሸኑበት ነበር። ያንን የመሰለ ሐረግ የቀረጸ ሰው ይህንንም ቦይ አብሮ ማሰቡ ይገርመኛል። ምንጣፉን ስንገፍፍ ከሥሩ የወጣውን አልጽፍልዎም፤ እኔ ለሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

የሁለተኛውን በር ቀለም ስፍቅ መስታወቱ ላይ «ሴቶችና አጃቢዎቻቸው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ለካ ሴት ከወንዶቹ መሐል እንዳትገባ፣ አጃቢም ሳይኖራት እንዳትቀመጥ ነው በሩ የተለየው። አንገፈገፈኝ። አቶ አስማማው ግን ከሽታው ይብሳሉ፤ «ለትልልቆቹ እንዳትናገሪ፣ ባንኮኒውን በመጋረጃ እንሸፍነዋለን» አሉኝ። ደግነቱ ቄሱ ባንኮኒው ካልተነቀለ ጸበል አልረጭም ብለው አስነቀሉት።

እኔ ግን ልጄን እዚያ ክርስትና አላስነሳም ብዬ ከስለሺ ጋር ተኳረፍኩ። እትዬ ኤልፍነሽም ሳያውቁ ተሳልመዋልና ሄጄ ነገርኳቸው። ምንም አልደነገጡም።

«አውቄያለሁ እኮ፤ ጠላ ሸጬ አይደል ልጆቼን ያሳደግሁ? ገና በሩ ሳይከፈት ሸቶኛል» አሉኝ።

ታዲያ ለምን ተሳለሙት አልኳቸው። ባሎቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ሴቶች ልጅ አዝለው በእሳቸው ጠላ ቤት ደጅ ላይ ሲያለቅሱ ስንት ጊዜ እንዳዩ ነገሩኝ። «አንዷንም ግቢ ብያት አላውቅም፤ ይህ የሴቶች በር ነው ሲባል እነሱ ትዝ አሉኝና ተሳለምኩት» አሉ።

በማግስቱ ያንን የሴቶቹን በር ደፍ በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ስፈትግ ዋልኩ። ሽታው አለቀቀም፤ አሁንም አፍንጫዬን ይዤ ነው የምገባው፣ አቶ አስማማውንም አላናግራቸውም። የዚያን እሑድ ግን ጽዮን በእትዬ ኤልፍነሽ ክንድ ላይ ሆና በዚያ በር ትገባለች። የት ተጠመቀች ለሚልዎት ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩልኝ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ እህቴን አጸደን ስለ ላከችው ነጠላ አመሰግናታለሁ፤ ወንድሜን ይሁዳን አጎት ሆነሃልና አደብ ግዛ ይበሉልኝ። ለክርስትናው ዕለት እርስዎ እዚያ ሆነው ይመርቁልን። ወንድ አጃቢ ሳትይዝ የምትገባውን ልጅ ስሟን ጠርተው ይመርቁልኝ።

ልጅዎ ቆንጂት
ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.