ጣት የማይገባበት ፓራፋንጎ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1980

የጠዋት ቆጠራ፦ ጨው ሦስት ጆንያ ተኩል። ባትሪ ድንጋይ አንድ ካርቶን። የልብስ ሳሙና እያለቀ ነው። ምስማር በቂ። ፓራፋንጎ አንድ ጥንድ፣ እንደ ወትሮው።

ይህ ፓራፋንጎ አምስት ዓመት ሲቆጠር ኖሯል። ጥቁር የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ ቀጭን ጎማ ላለው ለድሮው ዓይነት ብስክሌት የተሠራ። ዛሬ ከመደርደሪያው ወረደ።

የወሰደችው ሲስተር ጽጌ ናት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። በካኮ መንገድ ያሉትን መንደሮች እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች። አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወውን ብስክሌት ነው የምትነዳው። ጎማው ወፍራም ነው፣ ጥርሱ የትራክተር ይመስላል። ለተራራ የተሠራ ነው ይባላል። ፓራፋንጎ ግን የለውም። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጭቃው ከኋላ እየተነሣ ፀጉሯ ድረስ ይደርሳል፤ የክትባቱን ሳጥንም ይለስነዋል። ገበያ ውስጥ «ጭቃ ሹሟ መጣች» ይሏታል።

«ጋሽ ተሾመ፣ ወይ ፓራፋንጎ ይፈልጉልኝ ወይ ልብሴን ይጠቡልኝ» አለች።

በረንዳዬ ጫፍ ላይ በረባሶ የሚሠራው ማቴዎስ ሰማ። የዚሁ አገር ሰው ነው፣ የአሪ ተወላጅ። ከመኪና የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪያ፣ ቆርጬ ላንጠልጥልልሽ አላት። እኔ ቀድሜ ፓራፋንጎዬን አወረድኩ። ብረት እያለ ጎማ ማንጠልጠል ምንድን ነው?

ለመግጠም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ደጋፊ ብረቶቹ አጠሩ፣ በሽቦ ቀጠልኳቸው። ቆርቆሮውን በመዶሻ አሰፋሁት፤ ቢሆንም ጎማው በግራም በቀኝም ወጣ ብሏል። አንሥቼ ባሽከረክረው ዞረ። ማቴዎስ መጥቶ በጎማውና በቆርቆሮው መካከል ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም።

«ጋሼ፣ ይሄ ቦታ የለውም። ጭቃው ገብቶ በየት ይወጣል?»

«ጭቃው እንዳይገባ አይደል እንዴ የምናስረው! አንተ በረባሶህን ቁረጥ።»

በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሲስተርም ሳቀች። ማቴዎስ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ።


ረቡዕ

የጨው መኪና አልመጣም። ጭቃ ይዞታል አሉ። የአስካለ ጥርስ ዛሬም አላስተኛትም፤ ባለቤቴ ስትታመም እኔም አልተኛም።

ከሰዓት ካፊያ ነበር። ሲስተር በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር አልፋ እጇን አነሣችልኝ። ጀርባዋ ንጹሕ። ሁለት ሰዎች እንደዚያ ያለ ሌላ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።


ሐሙስ

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ስምንት ሰዓት ላይ ከካኮ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ጤና ጣቢያው በር ቆመ። ሲስተር ጽጌ ጋቢና ውስጥ ነበረች፤ ግራ ክንዷን በነጠላ አስራዋለች። ብስክሌቱ ከኋላ ከከሰሉ ጋር ተጭኗል።

ወንዙን ለመሻገር ቁልቁለቱን ስትወርድ የፊት ጎማው ድንገት ቆመ አሉ። በመሪው ላይ ተወርውራ ወደቀች። ክንዷ ተሰብሯል። የክትባቱ ሳጥን ውሃ ውስጥ ገባ።

ሱቁ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ «ድሮስ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ምን ትሠራለች» አለ። ሌላው «ፍሬን በአንድ ጊዜ ጨምድዳው ነው፤ አታውቅበትማ» አለ። እኔ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። «እግዜር ይማራት» አልኩ። ስኳሩን ሁለት ጊዜ መዘንኩት።

ማቴዎስ በረንዳው ላይ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።


ዓርብ

ዛሬ ያደረግሁትን እንደሆነው ልጻፍ። ለሌላ ሰው አልናገረውም።

ጠዋት ብስክሌቱን ላየው ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ጓሮ፣ መጠለያው ሥር ተደግፎ ቆሟል። የፊት ፓራፋንጎው በጭቃ ተጠቅጥቋል። ያ ጥቁር ጭቃ ሲደርቅ ሸክላ ነው። ጎማውን በሁለት እጄ ብገፋው አልነቃነቅ አለ። ጣት የማይገባበት ቦታ ላይ ጭቃው ገብቶ፣ መውጫ አጥቶ፣ ጎማውን አንቆ ይዞታል። ማቴዎስ እንዳለው።

ምስማር ከኪሴ አወጣሁና መፋቅ ጀመርኩ። ሲጀመር ለማጽዳት ነው ብዬ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝ። ጭቃው ከወጣ ጎማው ይዞራል፤ ጎማው ከዞረ ጥፋቱ የሲስተር ይሆናል። ይህን አውቄም አላቆምኩም። ጠርጌ ጨረስኩ። በቅጠልም ወለወልኩት።

ዘበኛው በአጠገቤ ሲያልፍ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ለሰው የሚያስብ አላየሁም» አለኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኩት። ምንም አይደል!

ከዚያ ሲስተርን ለመጠየቅ ገባሁ። ብርቱካን ይዤ ነበር። ክንዷ በጀሶ ታስሯል።

«እኔ ነኝ ጋሽ ተሾመ» አለች፤ «ፍሬኑን አጥብቄ ይዤው ይሆናል። ትዝ አይለኝም።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ብስክሌቱ ለወንድ ባልደረባ ይሰጥ ብሏል። ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ይወሰናል። ባልደረባው ደግሞ ፊልድ መውጣት የማይወድ ሰው ነው፤ ብስክሌቱን ከቤት ቢሮ ይመላለስበታል እንጂ ወንዝ አይሻገርበትም። እሷ ክንዷ ሲድን በእግሯ ትሄዳለች፤ በእግር ከሦስት መንደር ሁለቱ ሳይዳረሱ ይቀራሉ።

«መንገዱን ለምጄው ነበር» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ «አይዞሽ» አልኳት። ብርቱካኑን ላጥኩላትና ወጣሁ።


ቅዳሜ

ገበያ። ጨው ጥሩ ሄደ። ሳሙና አለቀ። ቆጠራውን ጠዋት ሳደርግ እጄ ፓራፋንጎው የነበረበት መደርደሪያ ላይ ቆመ።

ስድስት ሰዓት ላይ ማቴዎስ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ገዢ ከብቦት ነበር፤ እስኪበተኑ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ በረባሶ ፈለጉ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ያን የካላማዳሪያ ፓራፋንጎ ሥራልኝ።»

«ለማን?»

«ለሲስተር ብስክሌት።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ጭቃውን ማን ጠረገው?»

ዓይኔን ወደ ገበያው አዞርኩ።

«ሐሙስ ማታ ሄጄ አይቻለሁ» አለ። «ተጠቅጥቆ ነበር። ትናንት ከሰዓት ስሄድ ጎማው ይዞራል። ዘበኛው ጋሽ ተሾመ ናቸው፣ እግዜር ይባርካቸው አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ብናገር በረባሶህን ቁረጥ ይሉኛል።»

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሃያ ዓመት ነግጃለሁ፤ ሰው አታሎኛል፣ እኔም ሚዛን ላይ ጣቴን ያሳረፍኩበት ቀን አለ። እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ግን ትዝ አይለኝም። መሬቱን እያየሁ «አጥፍቻለሁ» አልኩት። እሱም «ይህን ለእኔ አይደለም የሚናገሩት ጋሼ» አለና ካላማዳሪያውን ከጆንያ ስቦ አወጣ።

እሁድ እሱ አይሠራም፣ ጸሎት ቤት ነው የሚውለው። ስለዚህ ገበያው እንደተበተነ ዘበኛውን አስፈቅደን ጓሮው ውስጥ ገጠምን። እኔ ብሎኖቹን ፈታሁ። የብረቱን ፓራፋንጎ ስገለብጠው ሆዱ ላይ ቀለሙ ተልጦ የሚያብለጨልጭ መስመር አየሁ፤ የጎማው ጥርስ የፋቀው ነው። ጭቃውን ጠርጌዋለሁ፤ ይህን ግን መጥረግ አይቻልም። ማቴዎስም አየው።

የእሱ አሠራር እንዲህ ነው፦ ከካላማዳሪያው ስፋቱ አንድ ስንዝር የሆነ ቁራጭ ይቆርጣል። ላይኛውን ጫፍ በጠፍር ከብስክሌቱ አካል ጋር ያስራል፤ ታችኛው ልቅ ሆኖ ይንጠለጠላል። በጎማውና በቁራጩ መካከል አራት ጣት ያስገባል። አልገባ ካለው ፈትቶ እንደገና ያስራል። የፊቱን ሦስት ጊዜ አሰረው። «ብረት ጭቃ ይይዛል» አለኝ፤ «ይሄ ግን ሲመታው ይወዛወዛል፣ ያራግፋል።»

የሠራበትን ልክፈልህ ብለው እንቢ አለ። «ሰኞ እርስዎ እውነቱን ሲናገሩ እከፈላለሁ» አለ።


እሁድ፣ ሚያዝያ 16

ከቅዳሴ መልስ ብስክሌቱን እኔው ነዳሁት። ሳልፈትሽ ሁለተኛ ሰው ላይ አልጭንም። ናዝሬት አስፋልት ላይ ከተማርኩ ወዲህ ነድቼ አላውቅም። በማረፊያው ዳር ያለውን ጭቃ፣ በጣም የከፋውን፣ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። «ጋሽ ተሾመ፣ በስተርጅና ክትባት ሊሰጡ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ጭቃው ካላማዳሪያውን እየመታ እየተራገፈ ወደቀ። ጎማው አልቆመም። ሱሪዬ ወገቤ ድረስ ተረጭቷል፤ ከወገቤ በላይ ግን ምንም የለም። ማረፊያው መጨረሻ ያለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሆን ብዬ ጨመደድኩት፤ ተንሸራተትኩ እንጂ አልተወረወርኩም።

አስካለ ሱሪዬን አይታ ምን ሆነህ ነው አለች። ነገርኳት። ምስማሩንም፣ የዘበኛውን ምርቃትም፣ ሁሉንም። ጥርሷን ይዛ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ለሲስተር ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ ለእኔ መንገርህ እሷን ምን ይጠቅማታል?»

ጉዳዩን ሳሰላው የሚያስፈራኝ ኃላፊው አይደለም፤ የከተማው ሰው ለጥቂት ቀን ያወራል፣ ከዚያ ጨው መግዛቱ አይቀርም። የሚያስፈራኝ ሲስተር ስትሰማ የምታየኝ አስተያየት ነው። «እኔ ነኝ» ስትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰምቼ፣ ብርቱካን ልጬላት ወጣሁ።

ነገ ሰኞ። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ መድረስ። መጀመሪያ ለሲስተር፣ ለብቻዋ። ከዚያ ለኃላፊው፣ በሰው ፊት። የብረት ፓራፋንጎዎቹን በጆንያ መያዝ፤ የተፋቀው መስመር በእጅ ተዳስሶ ይታይ። ስጠርግ ያየኝን ዘበኛም መጥራት። ማቴዎስ አብሮኝ ይገባል፤ ስለ ጣቱ እሱ ይናገር። ሱቁን አስካለ ትከፍታለች። ለጥርሷ መድኃኒት ስመለስ መያዝ።