ከጥይቱ ማረፊያ ወዲያ ወሰን ይተከል ላሉት ክቡር አዛዥ

ለተከበሩ የመድፍ ተኩስ ልምምድ ሜዳ አዛዥ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መድፎችዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሜዳው ጎረቤቶች ከጆሯችን በቀር ደህና ነን። ልምምድ በማይኖርበት ቀን ሁሉ ስምዎን በምስጋና እናነሣለን።

ራሴን ላስተዋውቅ፤ በእርስዎ ቸርነት ሥራ የፈታሁ የመሬት ቀያሽ ነኝ። ከባልደረባዬ ጋር ከከተማው ዳር ለሚሠራው መንገድ መሬት ስንለካ ከርመናል። ባልደረባዬን ሚሊሜትር እንለዋለን፤ ክር የምታህል ስህተት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ታዲያ አንድ ቀን መሣሪያችንን በሦስት እግሩ አቁመን ውሃ ልንጠጣ ዞር ከማለታችን፣ ከሜዳዎ የተነሣ የመድፍ ጥይት መጥቶ መሣሪያውን ከነእግሩ ጠራርጎት ሄደ። ተቋራጩም እኔ የተዋዋልኩት መንገድ ልሠራ እንጂ ልዋጋ አይደለም ብሎ ዕቃውን ጭኖ እብስ አለ። እኛን ሳይጎዱ መሣሪያውን ብቻ ስለመቱልን እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በአጋጣሚ ካልሆነ አይገኝም።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ሥራ ፍለጋውን በሚመለከት። ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር መገተር ልማዳችን ሆነ። ሹፌር ይፈለጋል፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ቀያሽ የሚል ግን ለመድኃኒት ጠፋ። ቢቸግረን ለዳቦ ቤት ጥበቃ አመለከትን። ባለቤቱ ከእግር እስከ ራሳችን ካየን በኋላ፣ እናንተ የምታውቁት ወሰን ነው እንጂ ሌባ አይደለም ብሎ መለሰን። ሰውዬው ተሳስቷል፤ የሰው መሬት ሲገፋ የሚያድር ስንቱን ሌባ አይተናል!

፪ኛ. እትዬን በሚመለከት። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ በመርፌዋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ከወሰንዎ ድንጋይ ውጭ ነው፤ ከሱም ሌላ ቤት የላትም። ከጥይቶችዎ አንዱ መንገድ ጠፍቶት በጣሪያዋ ገባና ወጥ ቤቷ ምድጃ ላይ ዐረፈ። ደግነቱ የልምምድ ጥይት ነበርና አልፈነዳም፤ ደግነቱ እሷም የሰፋችውን ልብስ ልታደርስ ወጥታ ነበር። አቤት ልትል ቢሮዎ ድረስ ብትመጣ የተሰጣት መልስ እስካሁን ያስደንቀኛል፦ የእኛ ጥይት ከሜዳ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ቤትሽ ያለው ሜዳ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትለቂያለሽ። እትዬም እንዲያ ከሆነማ እኔም ወታደር ነኝና ማዕረጌና ጫማዬ ይሰጠኝ ብላ ተመለሰች። ጫማው እስካሁን አልደረሳትም።

፫ኛ. ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ያ የናፈቅነው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣው፤ ልምድ ያለው ቀያሽ ይፈለጋል ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ማኅተም አለበት። ደስ ብሎን ሸሚዝ ተዋስን፣ ጫማ ጠረግን። ፈታኙ መኮንን ሻይ ቀድተው የጠየቁኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ አዲሱን የወሰን ምልክት ከጥይቱ ማረፊያ ወዲያ፣ ማለትም ከእህቴ ወጥ ቤት ወዲያ፣ መትከል እችል እንደሆነ። ለዚህስ ዶማ የያዘ ሰው ይበቃዎታል፣ ቀያሽ ምን ያደርጋል ብዬ ወጣሁ። ቀጥሎ የገባው ሚሊሜትር ግን ተቀጥሮ ወጣ።

ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አረረ። ሚስቱ ልትወልድ መድረሷን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰላምታ ነሣሁት። እትዬ ነች የገሠጸችኝ፤ የሚወለደው ልጅ የወሰን ድንጋይ አይበላም፣ ተወው አለችኝ። ቤቷ ሊወሰድባት ነው፣ እሷ የምታስበው ለሰው ልጅ!

አራተኛም ነበረኝ፣ ግን የትናንቱ ይበልጣል። ትናንት ሚሊሜትር የሲሚንቶ ምልክት ከተሸከሙ ሁለት ወታደሮች ጋር ሰፈራችን መጣ። አሮጌው ድንጋይ በእርስዎ ሰዎች ቀድሞ ተነቅሎ፣ ጉድጓዱም ተደፍኖ ነበር። ሰፈርተኛው ወጥቶ ቆመ፤ አንድም ሰው አላናገረው። ሜትር የሚይዝለት እንኳ ቢያጣ፣ እትዬ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ መጣችና ጫፉን ያዘችለት። ለካ፤ ደገመ፤ እንደገና ለካ፤ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እዚህ ቆፍሩ አለ። ወታደሮቹ ቀያሹ ካለ ነው ብለው ተከሉት፣ አጥብቀውም ረገጡት። ቀረብ ብዬ ባየው፣ አሮጌው ድንጋይ የነበረበት ቦታ ነው። የእትዬ ቤት ዛሬም ከሜዳዎ ውጭ ነው።

ሚሊሜትር ዛሬ ጠዋት በክብር ተባሯል። እኔም ይቅርታ ለምኜው አብረን ወደ ሰሌዳችን ተመልሰናል። የእርስዎ ወታደሮች ምልክቱን በዚያ ጥንካሬ ስለተከሉልን ግን መላው ሰፈር ውለታዎን አይረሳም።

አክብሮቱን ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ልምምድ ባለበት ቀን ደግሞ ይበልጥ ዝቅ አድርጎ የሚያቀርብ፣
ከወሰንዎ ውጭ፣ ከጥይትዎ ግን ያላመለጠ ትሁት ጎረቤትዎ፣
ቀያሹ

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያዎ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ተመልሶ አየነው። የከተማው ሥራ ፈት ቀያሾች ሁሉ ተሰብስበን በጥሞና አነበብነው፤ ያመለከተ የለም፤ የሚያመለክትም አይኖርም። ቢሆንም እኛ ሥራ ፈላጊ፣ እርስዎ ሠራተኛ ፈላጊ፤ ፈላጊ በፈላጊ ላይ አይጨክንምና አንድ ምክር እንለግስዎ፦ ክቡር ሆይ፣ የጎደለዎ ቀያሽ አይደለም፤ ተኳሽ ነው።