የአባ ቧንቧ ቤት ውሃ

ይድረስ ከእናታችን በኋላ እናት ለሆንሽኝ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? ያ ጉልበትሽ ብርድ ሲነካው አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለው? ባለቤትሽስ፣ ዛሬም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከዜና አንባቢው ጋር ይጨቃጨቃል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልጆቹን ይህን ደብዳቤ ከያዘው ሾፌር ጋር ስታያቸው እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። አልታመሙም። እኔና አባታቸውም አልተጣላንም። መጀመሪያ የሚቀመስ ነገር ስጪያቸው፤ ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ።

ባሌን አንቺ የምታውቂው በሰርጋችን ቀን እጁን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት ሲቅበጠበጥ ነው። አሁን ብታዪው ሌላ ሰው ነው የሚመስልሽ። የቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እሱ፣ የከተማው ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ሲፈርስ የሚጠራው እሱ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚያስታርቀው እሱ። የቧንቧ ውሃ ወደ ከተማው ካስገባ ወዲህማ ስሙ ቀርቶ «አባ ቧንቧ» ሆኗል። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት «አባ ቧንቧ፣ ክፈትልን!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እሱም እጁን አየር ላይ እንደ መክፈቻ ያዞርላቸዋል፣ እነሱም እየተንጫጩ ይበተናሉ። አልዋሽሽም፣ ኩራቱ ኩራቴ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላባራ ሲል፣ የፋብሪካው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ትልቁ ገንዳ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ቆዳ የሚለፋበት መድኃኒት ሁሉ የሚደፋው እዚያ ነው። ገንዳው ደግሞ የከተማው ውሃ ከሚወጣበት ጉድጓድ በላይ ነው ያለው። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ባሌ በጭቃ የተለወሰ ቦት ጫማውን ደጅ አውልቆ ገብቶ፣ እርጥብ ካልሲውን ሳይቀይር መስኮቱ ጋ ሲቆም ነው። ምን ሆንክ ስለው «ዝናቡ አስቸገረን» አለኝ።

ከዚያ ሾፌሩ ውሃ በጀሪካን ማምጣት ጀመረ። ከላይ ከኮረብታው፣ ከምንጩ ነው የሚቀዳው። «ሐኪም ለሆዴ አዞልኝ ነው» አለ ባሌ። ቆይቶ የልጆቹም ሻይ ከጀሪካኑ ይፈላ አለ። ቆይቶ ምግቡም፣ ቆይቶ ጥርሳቸውን የሚታጠቡበትም። አንድ ቀን ሾፌሩን ያዝ አድርጌ ነገሩ ምንድን ነው አልኩት። መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ለማንም እንዳታወራ ብለውኛል። እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ አያስጨንቁኝ» አለኝ።

ከአጥራችን ማዶ ያለችውን ባለስፌት ታስታውሻታለሽ? ያቺ ባሏ የሞተባት፣ ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማት፣ ለሰርጋችን ስትመጪ ቀሚስሽን ያጠበበችልሽ። አንድያ ልጇ ከእኛ ትልቋ ጋር ነው ያደገችው፤ ቤታችን ቤቷ ነው። ከዝናቡ በኋላ ልጅቷ መላ ሰውነቷ ሽፍታ ወረሰው። የበላችው አልረጋ አለ። ቀጥሎ ፊቷ አበጠ። ባሌ ይህን ሲሰማ ስብሰባ አቋርጦ መጣና በገዛ እጁ አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዳት። ኩላሊቷ ነው አሉ። ሰፈሩ «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!» ሲል ሰነበተ። እኔ ግን ከሆስፒታል ሲመለስ አየሁት። ቀጥ ብሎ ጓዳ ገብቶ ጀሪካኑ ፊት ቆመ፤ ልክ አስከሬን ፊት እንደቆመ ሰው።

ያኔ ገባኝ። በሩን ዘግቼ ጠየቅሁት። አልካደኝም እታለሜ፤ ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር። ስንጥቁ ወዲያው እንደተደፈነ፣ ወደ ጉድጓዱ የሰረገው ግን በጊዜ ብዛት እንደሚጠራ ነገረኝ። «እስኪጠራ ሕዝቡ አይጠጣ፤ ንገራቸው» አልኩት።

«ብናገር ፋብሪካው በማግስቱ ይዘጋል። ያኔ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይበላል? ከሚታመመው የሚራበው ይበልጣል» አለኝ።

«ይቺን ልጅ ከየትኛው ደመርካት?» ስለው ፊቱን አዞረ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ጀሪካኑም መምጣቱን ቀጠለ፣ እኛም መጠጣታችንን።

ከተማው ደግሞ ሊያከብረው ተነሳ። አደባባዩ ላይ አዲስ የሕዝብ ቧንቧ ሊመረቅ፣ በስሙም ሊጠራ ሆነ። የዕለቱን ኮት እንድትሰፋ የታዘዘችው ማን ትመስልሻለች? ያቺው ባለስፌት። «ልጄን አቅፎ ለወሰደ ሰው አልሰፋም እላለሁ?» አለች አሉ።

ልትለካው መጣች። ባሌ ሳሎኑ መሃል እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ እሷ ከንፈሯ ላይ መርፌ ይዛ እጅጌውን ትሰካለታለች። ጠቋቁራለች፣ ያ ሳቋ የለም። ስትጨርስ ውሃ ጠየቀችኝ። ጓዳ ገባሁ፤ እጄ ወደ ቧንቧው አልሄድ አለኝና ከጀሪካኑ ቀዳሁላት። አንዴ ተጎነጨች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ጨለጠችው።

«አንቺ፣» አለችኝ፣ «የእኛ ብረት ብረት ይላል፣ የእናንተ ምነው እንዲህ ጣፈጠ? ከአንድ ቧንቧ አይደል እንዴ የምንቀዳው?»

ባሌ መርፌ እንዳይወጋው እጁን ማውረድ እንኳ አልቻለም። እሷ ገርበብ ባለው የጓዳ በር አሻግራ ጀሪካኖቹን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ኮቱን ከላዩ አወለቀች፣ አጠፈች። «ይደርሳል» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ፊቱን ለውጦብኛል። የሚጨበጥ ነገር ግን የለም። ገበያ ስሄድ ሰላምታው አለ፤ ሳልፍ ወሬው ይቋረጣል። ልጆቹ ባሌን ሲያዩ አይጮሁም፣ ዳር ይይዙና ዝም ብለው ያሳልፉታል። ትናንት ጠዋት የግቢያችንን በር ስከፍት ባዶ ባልዲዎች ተደርድረው አገኘሁ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ። ማን እንዳኖራቸው አየሁ የሚል ጠፋ። ባሌ በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አለፈ። ምርቃቱ ይቅርብህ ስለው «መቅረት ማመን ነው» አለኝ። ከዚያ ልጆቹን ወደ እህትሽ እንላካቸው፣ አንቺም አብረሽ ሂጂ አለ። ልጆቹ ይሂዱ፣ እኔ ግን ከጎንህ እቀራለሁ አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ምርቃቱ ነገ ነው። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የመጀመሪያውን ብርጭቆ በሕዝቡ ፊት እሱ ይጠጣል። የአዲስ ቧንቧ ውሃ መጀመሪያ ዝገት ያመጣል ብሎ ለኮሚቴው ጸሐፊ አስረድቶታል፤ ስለዚህ በጆግ ሞልቼ ከቤት የማመጣውም፣ የምቀዳለትም እኔ ነኝ። «ከየት እንደምትሞዪው ታውቂያለሽ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ኮቱ ዛሬ ማለዳ ደረሰ። ያመጣችው ራሷ ባለስፌቷ ናት። ልጅሽ እንዴት አደረች አልኳት። «ትተኛለች። ስጠራት ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትተኛለች» አለችኝ። ጓዳ አስገባኋትና ጀሪካኖቹን በሙሉ አስረከብኳት። እየተመላለሰች ወሰደቻቸው። አንድም አላስቀረሁም። ሾፌሩም ይኸው ልጆቹን ይዞ ወደ አንቺ ሊነሳ ነው፤ እስከ ነገ ወደ ምንጩ የሚወጣ ሰው የለንም።

ትንሹ መብራት ከጠፋ አይተኛም። ትልቋ ስለ ጓደኛዋ ከጠየቀችሽ እናቷ አጠገቧ ናት በያት። ወፍራም ልብሳቸውንም አብሬ አስሬያለሁ።

ጆጉን አጥቤ ሞልቼ አስቀምጫለሁ። ባሌ ክዳኑን ገልጦ እንኳ አላየም፤ ያምነኛል። ጸሐፊውን ብርጭቆው ሁለት ይሁን ብዬዋለሁ። ባልና ሚስት አብረን ብንጠጣ ለሕዝቡ ደስ አይለውም ወይ አልኩት፤ ሐሳቡን በጣም ወደደው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን ሳቅና ሰላም አይለየው። ልጆቼን ስትስሚያቸው በእኔም ፈንታ ሳሚያቸው።

ታናሽ እህትሽ