ሰባተኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1961

ሰባተኛውን ጥያቄ የሚወደው ሰው የለም። ስድስቱን ዝም ብለው ይመልሳሉ፦ የአባወራው ስም፣ ዕድሜ፣ የልጆች ቁጥር፣ ጫማ ያደርጋል ወይ፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ ማሳው ምን ዓይነት አፈር ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሰዉ ወይ ከብት ይጣራል፣ ወይ ሳል ይይዘዋል። «በዚህ ቤት እግሩ ያበጠ፣ ዝሆኔ የያዘው ሰው አለ ወይ? ከሞቱትስ?»

የለም። የለም። የለም። ቀኑን ሙሉ «የለም» ስጽፍ ዋልኩ። ከአንዱ አጥር ጀርባ ግን እግሯን በነጠላ የሸፈነች ሴት አየሁ። እሷም አየችኝ። ፊቴን አዞርኩ።

ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ወጣት ዶክተርና አንድ የአፈር ሊቅ ፈረንጅ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር እግር የሚያሳብጠው በሽታ ከምን እንደሚመጣ ይመረምራሉ። ዶክተሩ እግር በሜትር ይለካል፣ ከጣት ደም ወስዶ መስተዋት ላይ ይቀባል። ፈረንጁ አፈር እየዘገነ በትንንሽ ከረጢት ያስራል። እኔ እጽፋለሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ አይተው ወሰዱኝ፤ ዳዊት የደገመ፣ አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ አገሩን የሚያውቅ ብለው።

አንዲት አሮጊት ፈረንጁ ከጓሯቸው ሲዘግን ቆመው አዩና «ምነው ልጄ፣ አፈሩም ታመመ?» አሉት። ሁሉም ሳቀ። ባላቸው ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው «ካምናው የግብር ጠብ ወዲህ መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው መልካም ይዞ አያውቅም» አሉኝ።

ዓርብ የልጄን የየሺን ነገር ሊጨርሱ የማንኩሳ ሽማግሎች ይመጣሉ። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። አንድ ልጄ ናት፤ ልቤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስም አይለው፣ አይከፋውም። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመቱ። ልቤ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነው፤ ብቆነጥጠውም አይሰማ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ምሳ ላይ ከዋርካው ሥር አረፍ ስንል ዶክተሩን ጠየቅኩት። «አንድ የማውቀው ሰው ሚስቱን ይኸ በሽታ ይዟት ነበር» አልኩ።

«ትታጠብ ነበር?» አለኝ።

«የት ትታጠብ? ሰው ያያል።»

«ጋሽ ዓለሙ፣ መነሻውን ገና አናውቀውም» አለኝ። «በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ላይ ይበዛል። አፈሩ ይሆን ብለን እንጠረጥራለን። እግሩን በየቀኑ በሳሙና የሚታጠብ፣ አድርቆ ጫማ የሚያደርግ ሰው ግን ቁስሉም ሽታውም ሲቀንስለት አይቻለሁ።»

ሳሙና። ሳሙና እኮ ከሱቅ ነው የሚገኘው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ መድኃኒት ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚስቴን እንጉዳይን የጀመራት በቡሬ በኩል፣ በአገሯ ሳለን ነው። መጀመሪያ ጣቷ ሥር አሳከካት። ሲመሽ እግሬ እሳት ሆነ ትለኝ ጀመር። ቀጥሎ አበጠ። እኔ ምን አደረግኩ? ዛሬ ልጻፈው፦ ቀሚሷን መሬት እስኪጠርግ አስረዘምኩት። ገበያ አትውጪ አልኳት። ወንዝ አትውረጂ አልኳት። ለጠየቀኝ ሁሉ ቁርጥማት ነው አልኩ። ኋላም ዘመድ እንዳያይ አገር ለቅቄ ወደዚህ አመጣኋት። እዚህም ቤተ ክርስቲያን ቀረች። አስቀድሼ ስመለስ «ማን ማን መጣ?» ትለኛለች። አንድ ሰው ሳላስቀር እነግራታለሁ። አንድ ቀን «ነይ እንሂድ» አላልኳትም።

ለየሺ ብዬ ነው እል ነበር። ሲታጩ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ለምጽ አለ ወይ፣ ዝሆኔ አለ ወይ ይባላል። እውነት ነው፤ ለየሺ ነው። ለእኔም ነበር። የዝሆኔዋ ባል እንዳልባል። ይኸን እስከ ዛሬ ለራሴ አላልኩትም ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ኪዳነ ምሕረት። ሰው ሥራ አይሠራም፤ ሁሉም ቤቱ ይገኛል ተብሎ ዛሬ የእኛን ሰፈር ጻፍን። በሬ ላይ ስንደርስ ዶክተሩ እየሳቀ «የእርስዎንም ቤት ይጻፉት እንጂ!» አለኝ።

ቆሜ ጻፍኩት። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ልጅ አንዲት። ጫማ፣ ለእኔ አዎ፣ ለልጄ የለም። አፈሩ ቀይ። ሰባተኛው ላይ፦ የለም።

ፊደሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ዶክተሩ የቤተሰቡን ሁሉ እግር ያያልና የሺን ጠራሁ። «ሊጥ ይዣለሁ» ብላ ከደጃፉ ሳታልፍ ቆመች። እዚያው እንደቆመች በአንድ እግሯ ተረከዝ የሌላውን ጣት ትፈትጋለች። አየሁ። ዶክተሩም አየ። ወደ ጎረቤት አለፈ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ጧት ጠየቅኳት።

«የሺ፣ እግርሽን ያሳክክሻል?»

«ጭቃው ነዋ፣ አባዬ።»

«በታኅሣሥ ምን ጭቃ አለ?»

ማጭዷን አስቀመጠች። «ከመስከረም ጀምሮ ነው» አለችኝ። «ልነግርዎ ነበር። እንደ እማዬ ቤት ያስቀምጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ቁጣው ራሱ አልመጣም። እናትሽ ምን እንደነበረባት ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ሳቅ አለች፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

«ማን ያጥባት ነበር? እርስዎ ፍርድ ቤት ሲውሉ በሩን ዘግቼ እኔ ነኝ የማጥባት። እግሯ ሲታጠብ ይቀልላት ነበር። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ትለኛለች፤ ብዙ ውኃ ስቀዳ ሰው ያያል ብለው እንዳይከለክሉን።»

እኔ ከሰው እደብቃታለሁ፤ እሷ ደግሞ ከእኔ ትደበቃለች። አንድ ቤት ውስጥ።

«ነገ ሽማግሎቹ ሲመጡ ምን ሊሏቸው ነው?» አለችኝ።

«ምን ልበል?»

«እንጃ። እኔ ግን ሰው ቤት ገብቼ ቀሚሴን ሳስረዝም አልኖርም። ከፈለጉኝ አውቀው ይፈልጉኝ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩላቸው፤ መዝገቡንም ጭምር። ብዙ ይመክሩኛል ብዬ ነበር። «ለሞተችው ንስሐ ግባ፤ አብሬህ እጾማለሁ» አሉኝ። «ለቆመችው ግን ንስሐ አይበቃም፤ አፍህን ክፈት።» ከዚያ ተነሥተው በጎቻቸውን ለማስገባት ሄዱ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ጧት ለዶክተሩ ነገርኩት። ያ የማውቀው ሰው እኔ ነኝ አልኩ። «ገብቶኝ ነበር» አለና መዝገቡን ገልጦ ሰጠኝ። «የለም» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «አንዲት የሞተች፤ አንዲት የጀመራት» ብዬ ጻፍኩ፣ ስርዙ ላይም ፈረምኩ። ለሰው ስንት ስርዝ አስፈርሜያለሁ። የራሴን ስፈርም ይኸ መጀመሪያዬ ነው።

የሺ እግሯን አሳየችው። ጀምሯታል አለ። ገና ነው፣ ቶሎ ነው የመጣችሁ፣ በሳሙና ትታጠብ፣ ጫማ ታድርግ አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግድግዳውን አይ ነበር።

ሽማግሎቹ ከቀትር በኋላ መጡ፤ ሦስት ናቸው። የልጁ አባት አያ ጓዴ መካከል ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳ። ዘር ተቆጠረ፤ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ደህና ወረደ። ቀጭኑ ሽማግሌ «በእናትስ በኩል?» አሉ።

«እናቷ በቁርጥማት አልሞተችም» አልኩ። «ዝሆኔ ነበረባት። እኔ ነኝ የደበቅኩ። ልጅቷንም ጀምሯታል።»

ቀጭኑ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ምነው፣ ከጠላው በፊት ብትነግረን!» አሉ። ሦስተኛው ሰውዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አፋቸውን በጋቢ ያዙ። አያ ጓዴ ግን «ያ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሐኪም አለ አይደል? እሱ ይፍረደን» ብለው ተነሡ።

አራታችን ሄድን። ዶክተሩ ድንኳኑ በር ላይ መስተዋቶቹን ይጠርጋል። አያ ጓዴ ቆመው እንደ ዳኛ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ይኸ ነገር ከዘር ነው ከአፈር?»

«አላውቅም» አለ።

«እንዴት አታውቅም? ተምረህ የለም ወይ?»

«ስላላወቅን ነው የመጣነው፣ አባቴ። በአንዳንድ ቤት ይበዛል፤ ከዘር ሊሆን ይችላል። ደግሞ የአንድ ቤት ሰው ሁሉ በአንድ አፈር ላይ ነው በባዶ እግሩ የሚሄደው፤ ከአፈር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ተጋግዘው ሊሆን ይችላል። አብሮ የበላ፣ አብሮ የተኛ ሲጋባበት ግን አላየሁም። ልጅቷም ከተጠነቀቀች እዚያው ላይ ሊቆምላት ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል፣ ሊቆም ይችላል!» አሉ ቀጭኑ ሽማግሌ። «ይኸስ ከጠንቋይ ይብሳል። ጠንቋይ እንኳ ቁርጡን ይነግርሃል።»

ዶክተሩ ሳቀ። «ጠንቋይ እኮ ተሳስቻለሁ አይልም» አላቸው።

አያ ጓዴ አልሳቁም። ከእግራቸው ሥር አፈር ዘገኑ፣ በጣታቸው አሹት፣ ጣሉት። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱትን አፈር ገና ዛሬ ያዩት መሰሉ። «እናስብበት» አሉኝ። እናስብበት ማለት ምን እንደሆነ ይታወቃል።

የሺ ስመለስ ዋንጫዎቹን አጥባ ደፍታቸዋለች። «ተናገሩ?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እሰይ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ብዙ ቆየች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ሰፈሩ ሰምቷል። አንዷ ጎረቤት የሺን ሳትስማት አለፈች። አንዷ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ተከትላኝ ሐኪሙ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችኝ። ለሌላ ሰው ነው አለችኝ። ነገርኳት፤ ሌላ አልጠየቅኳትም።

በቅዳሴው ስለ ሞቱት ሲጸለይ እንጉዳይን በክርስትና ስሟ አሰብኳት። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ነበር። እንባ አልመጣም። ቆምኩ ብቻ። መቆሙም ጸሎት ከሆነ እሱ ያውቃል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

አያ ጓዴ ብቻቸውን መጡ። ግቡ ብል እንቢ አሉ፤ አጥሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጁ እሷን ካላገባሁ ብሎ ወይ ፍንክች ብሏል» አሉ። «እናቱ ደግሞ በሞቴ አይሆንም ብላለች። እኔ መካከል ነኝ።»

«ይገባኛል» አልኩ።

«ጥር አይሆንም፣ አያ ዓለሙ። ሐኪሙ መቼ ነው የሚመለስ?»

«ከክረምት በኋላ ይሆናል ብሏል፤ ከላኩት። ያም ሆኖ መልሱን ይዤ እመጣለሁ አላለም።»

«እስከዚያ ይቆይ እንግዴህ። ለሌላ እንዳትሰጡብን።» ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ። «እኔ ስንት ልጅ ድሬያለሁ» አሉኝ። «እንደ እርስዎ ያለበትን ሳይደብቅ የነገረኝ ሰው የለም። አናደውኛል። ግን የለም።»

ለየሺ ነገርኳት። «ይቆይ» አለች። «እኔስ መች ቸኮልኩ?» ድምጿ ግን ደህና አልነበረም።

መኪናቸው ወደ ቡሬ ተነሥቷል፤ የአፈሩ ከረጢት ኋላ ተጭኗል። ነገ እከተላቸዋለሁ። የእንጉዳይ አገር ነው፤ ዘመዶቿ ቤት ሁሉ መድረሴ አይቀርም። ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ዶክተሩ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ቢመጣም «ዘር ነው» ይል ይሆናል። ያኔ ምን ይዋጠን? ግን ዛሬ ሳላስበው ወሮቹን በጣቴ ስቆጥር ነበር፤ እስከ መስከረም። እሷ ከሞተች ወዲህ የምጠብቀው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

የሺ የገዛሁላትን የሸራ ጫማ አድርጋ ገበያ ደርሳ መጣች። ተረከዟን ልጧታል፤ እያነከሰች ትሰድበኛለች። ጠብቦ ነው። ጧት ከመሄዴ በፊት በሰፊው አስለውጥላታለሁ።