የተገለበጠው አራተኛ ድንጋይ

መጋቢት 3 ቀን 1976
የሴቶች ማኅበሩን ራዲዮ ባትሪ ሠርቼ ጨረስኩ። ማስቀመጫው ስለተሰበረ ስድስቱን ባትሪ ድንጋዮች በካርቶን ጠቅልዬ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አሰርኳቸው። በየጫፋቸው + እና − ጻፍኩ። የራዲዮው ጠባቂ ድርቤ ሳቀችብኝ። ጡረታ ብወጣም ዛሬም ባርሲሳ፣ መምህር ነው የምትለኝ።
"ባርሲሳ፣ ድንጋይም ያስተምራሉ?"
ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው አስጠነቀቅኳት። እዚህ ሁሉም ያሰጣል... እንደ በርበሬ።
"ቶሌ፣ እሺ" አለች።

መጋቢት 9
ራዲዮው ከመጀመሪያውም ድምፁ ደከም ያለ ነበር። አርጅቷል ብዬ አለፍኩት። ዛሬ በመሠረተ ትምህርቱ ሰዓት ጠሽ አለ። አንዱ ድንጋይ ፈንድቶ ጥቁር ፈሳሽ የራዲዮውን ሆድ አለበሰው። ድርቤ በባዶ እጇ ጠረገችው፤ ጣቶቿ ተላጡ።
"አስጥተሽዋል!" አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት።
"አንዴ ብቻ... ጠዋት፣ ትንሽ..."
"አልነገርኩሽም?"
የቀበሌው ሊቀመንበር ታፋ "የሕዝብ ንብረት ነው" አለ። ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን።

መጋቢት 10
ካርቶኑን ፈታሁ። የፈነዳው አራተኛው ነው። አናቱ ላይ ያለው ጉጥ ከሌሎቹ በተቃራኒ ዞሯል። + የጻፍኩት ቂጡ ላይ ነው። የእኔው እጅ ጽሑፍ።
አምስቱ በግድ ኃይል ሲያስገቡበት ያብጣል፣ ይፈነዳል። በአርጆና በነቀምቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነው። ፀሐዩ ነው እንዳልል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር... ታዲያ ለምን አላደረግኩም?

መጋቢት 11
ለማንም አልተናገርኩም።

መጋቢት 12
ድርቤን ቀበሌ ጠሯት። በደጄ ስታልፍ ቆመች። ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።
"ይቅር ይበሉኝ ባርሲሳ፣ ሥራዎን አበላሸሁት።"
እኔን ይቅርታ! ምን መለስኩላት? "አይዞሽ።" ይኸው ነው... አይዞሽ።

መጋቢት 13
አልተመለሰችም። ልጇ ቀለሟ ቁርስ ይዛላት ስትሄድ አየሁ። የፈነዳውን ድንጋይ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቀበሌ ሄድኩ።
"ይህ የማን ጽሑፍ ነው?" አልኩት ታፋን። ተማሪዬ ነበር።
"የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።"
"እንግዲያው የምትፈልገው እኔን ነው። እሷን ልቀቃት።"
ድንጋዩን አገላበጠ። "ጡረተኛ አስሬ ማን ሊቀልብልኝ ነው?" አለ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "እሑድ ማኅበሩ ፊት ይናገሩ።"
ድርቤ ስትወጣ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ልረዳት እጄን ዘረጋሁ... አልያዘችውም።

መጋቢት 16፣ እሑድ
ተናገርኩ። በሰው ፊት ነበር ያዋረድኳት፤ በሰው ፊት ተናገርኩ። አንዷ "ኡኡቴ፣ ለካ አስተማሪም ይሳሳታል!" ብላ አሳቀቻቸው። ድርቤ አልሳቀችም። ቀና ብላም አላየችኝ።

ሚያዝያ 2
የተበሉትን ሽቦዎች ቀይሬ ራዲዮውን አጸዳሁ። ስድስት አዲስ ድንጋይ፤ አሮጌ አልደባለቅኩም። መነጽሬን አደረግኩ፣ ምልክቴን ጻፍኩ። ካርቶኑን ላስር ስል ድርቤ እጄን ያዘች።
"ይቆዩ፣ ባርሲሳ።"
ምልክቴን አልተመለከተችም። ጠባሳ በያዘው ጣቷ የእያንዳንዱን ጉጥ እየዳሰሰች ቆጠረች... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ሁለቴ ዳሰሰች።
ስድስተኛው ላይ ስትደርስ "አሁን ይሰሩት" አለች።
አሰርኩ።