ዋጋ ለመናገር የጾምኩት ሐሙስ

ሰኞ

በላሁ። ዛሬም በላሁ! ሆዴን ይቁረጠው።

የሐጂ ይማምን ግቢ ልንለካ ከሥራ ሸሪኬ ከጌታነህ ጋር ሄደን ነበር። ሐጂ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ልጆቻቸው ከዐረብ አገር እየላኩላቸው ትልቅ ቤት ሠርተዋል። ግቢው ግን ገና አሸዋና የብሎኬት ስብርባሪ ነው። ከፊት ሳር፣ ከጎን ጽጌረዳ፣ ዳር ዳሩን ጽድ፣ ከጓሮም ሌላ ሳር ይፈልጋሉ። መንገድ ላይ «ሠላሳ አምስት ሺህ፣ ንቅንቅ የለም» ተባብለን ተማምለናል።

ለክተን ስንጨርስ ባለቤታቸው እትየ ፋጡማ ምሳ አቀረቡ። ለእኔ የበግ ወጥና እርጎ፣ ክርስቲያን ስለሆነ ለጌታነህ ለብቻው ሽሮ። «አፈር ስሆን ብዪ» እያሉ በእጃቸው አጎረሱኝ። ያጎረሰን እጅ እያዩ ሠላሳ አምስት ሺህ እንዴት ይባላል? ሐጂ «እሺ ልጄ፣ ስንት ነው?» ሲሉኝ «ለእርስዎማ ሃያ ሁለት» ብዬ አረፍኩት። ለእርስዎማ! ማን አስገደደኝ? ጌታነህ እንደዚያ ሲያፈጥብኝ አይቼው አላውቅም። እስከ ቤት ድረስ ቀድሞኝ ሄደ።

ባለፈው ወግዲ ከተማ የሠራነውም እንዲሁ ነበር። በላን፣ ተመረቅን፣ የመኪናውን ኪራይ ከኪሳችን ከፍለን ተመለስን።

ማታ እህቴ ለይላ ከሪያድ ደወለች። የማዳሟ ጎረቤት የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ እኔን አስባለች። እስከ ጁምዓ ቁርጡን ንገሪኝ አለች። ከዚያ ከመጣሁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ልጄ ኢክራም «እማ» የምትለው እናቴን ነበር፣ እኔን «ዘሀራ»። «እማዬ» ማለት የጀመረችው ገና አሁን ነው፣ ያውም እንቅልፍ ሲጥላት። መሄድ አልፈልግም። አልፈልግም! ግን ይህ የግቢ ማስዋብ ሥራ ካላበላን ምን አማራጭ አለኝ?

ማክሰኞ

ጌታነህ መጣ፤ ኩርፊያውን ይዞ ነው የመጣው። ችግኞቻችን አጠገብ ቁጭ ብለን የሐጂን ሥራ አንድ በአንድ አነሣን። ሳሩ ከደሴ ነው የሚመጣው፤ የመኪና ኪራይ አለው። ፍግ። ቀይ አፈር በጋሪ። ውሃ፣ ቧንቧው አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ እሱም በጋሪ። የቀን ሠራተኛ። እነዚህን ድሮም እናስባቸዋለን።

ውርጩንስ? ኅዳር ነው፤ አንድ ሌሊት ቢመታው ግማሹ ሳር ይቃጠላል፣ የምንተካው እኛ። እስኪይዝ ድረስ ደግሞ ጠዋት ማታ መመላለስ አለ። ይህን አስበነው አናውቅም።

ከዚያ ጌታነህ «የእኔስ ቀን?» አለ። «የአንቺስ?»

አፈርኩ። ለካ ዋጋ ስናወጣ የምንቆጥረው የገዛነውን ብቻ ነው። ከራሳችን ጉልበት የወጣውን እንደ ዝናብ ውሃ በነጻ የመጣ አድርገነዋል። ሪያድ እያለሁ እንኳ ቀኔ ዋጋ ነበረው፤ ትንሽም ብትሆን በወሩ ትሰፈርልኝ ነበር። አገሬ ገብቼ በነጻ ሆንኩ።

ከኪስ የሚወጣው ብቻ ከሃያ ሁለት ሺህ አለፈ። የእኛ ቀን፣ የውርጩ፣ ሥራ በሌለበት ሳምንት የምንቆይበት ትንሽ ነገር ሲገባበት አርባ ስድስት ሆነ። «ማን እብድ ይከፍለናል?» ብዬ ጮህኩ። ጌታነህ «ወላሂ ካልከፈሉን አንሠራም» አለ። ማተቡን አስሮ ወላሂ ሲል ሁሌ ያስቀኛል፤ ዛሬም ሳቅሁ፣ ታረቅን።

ረቡዕ

መሄድ አለብኝ፤ ሥራው ሳይጀመር ሄጄ ማስተካከል አለብኝ። ግን ቃል ማጠፍ! ለዚያውም በሐጂ ፊት።

በስልክ ልገላገለው ብዬ ደወልኩ። ያነሡት እትየ ፋጡማ ናቸው። «ነገ ነይ፣ ምሳ አብረን እንበላለን» አሉኝ። ያረቢ፣ እኒህ ሴትዮ በምግብ ሊገድሉኝ ነው።

ስልኩን ስዘጋ ነው ትዝ ያለኝ፤ ነገ ሐሙስ ነው። በፈቃድ የሚጾም ሱና ጾም አለ! እጾማለሁ። ጾመኛን ማን ያጎርሳል?

ለእማ ስነግራት በሳቅ ሞተች። «አንቺ ልጅ፣ በልብሽ የያዝሽው ኒያ ለአላህ ነው ወይስ ለሐጂ ግቢ?» አለችኝ። እውነት ግራ ገባኝ። ኋላ ግን ኮስተር ብላ፣ ጾሙን ለአላህ ብለሽ ጹሚ፣ ዋጋውን ለልጅሽ ብለሽ ተናገሪ አለችኝ። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ አትናገርም።

መስታወት ፊት ቆሜ «አርባ ስድስት ሺህ» ማለት ተለማመድኩ። ኢክራም «ምን ሆነሽ ነው የምትቆጪው?» አለችኝ። እንግዲህ ድምፄን ማለስለስ አለብኝ።

ሐሙስ

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሄድኩ። እትየ ፋጡማ ገና በሩ ላይ «ለምን ቀረሽብኝ? ምሳሽን አስቀምጬልሻለሁ» አሉ። «ጾመኛ ነኝ» አልኩ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ።

«ውይ፣ ሐጂም ጾመኛ ናቸው! በይ እዚሁ ታፈጥሪያለሽ፣ ወዴትም አትሄጂ!»

ጉድ ፈላ። ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ካልተናገርኩ አለቀልኝ። ሐጂን ግቢው ውስጥ የመቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። «አፉ ይበሉኝ ሐጂ። ሰኞ የነገርኩዎት ዋጋ ልክ አይደለም። አፍሬ ነው ያልኩት» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ውሃውን፣ ውርጩን፣ የእኛን ቀን። አርባ ስድስት ሺህም አልኩ።

ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ «እኔ ጤፍ ስሸጥ ቃሌን አላጥፍም» አሉኝ። መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር።

«ባላጥፍ ጀምሬው እጥልብዎታለሁ። እሱ ይብሳል» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ የላኩትን ቤቱ እንደጨረሰው ነገሩኝ፤ ጣሪያው፣ በሩ፣ መስኮቱ። አርባ ስድስት የለኝም አሉ። አንጀቴን በሉት። ምላሴ «እንግዲያው ይሁን» ሊል ተነሣ፤ ነክሼ ያዝኩት። «ዋጋውን አንቀንስ ሐጂ፣ ሥራውን እንቀንስ። ጓሮውና ጽዱ ለክረምት ይቆዩ። የፊቱንና ጽጌረዳውን በሠላሳ እንሠራለን፤ ግማሹን በቀብድ» አልኩ። «ላስብበት» አሉኝ። የመግሪብ አዛን ተሰማ።

በቴምር አፈጠርን። እትየ ፋጡማ አጎረሱኝ፣ እኔም እምቢ አላልኩም። ዋጋ ተነግሮ ካለቀ በኋላ የሚበላ ምግብ እንዴት እንደሚጥም!

ዓርብ

ከሐጂ ምንም የለም። ጌታነህ እየመጣ «ደወሉ?» ይለኛል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። እሱም ጨንቆታል።

ከጁምዓ በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ለይላ ናት። «እሺ፣ ቁርጥሽ ምንድን ነው?» ሐጂ ምን እንደሚሉ ሳላውቅ መመለስ ነበረብኝ። «አልመጣም» አልኳት፤ ለሐጂ የተናገርኩትንም ነገርኳት። ሰውየው እምቢ ቢሉሽስ አለች። እምቢ ካሉኝ ለሌላ ሰው እናገራለሁ አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ማዳሟ እንዳትሰማ ይሆናል፣ «እንዴት ብለሽ አልሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዋጋውን። እኔ እዚህ ከገባሁ ይጨመርልኝ ብዬ አላውቅም። ቤተሰብ ነሽ ይሉኛል፣ ልብስ ይገዙልኛል፣ አፍራለሁ።»

እኔ ያቺን ልጅ ጀግና ነበር የምላት። እንባዬ መጣ። ቁጭ ብዬ እንዳልኩት አንድ በአንድ ነገርኳት፤ መጀመሪያ «አፉ በሉኝ» በዪ፣ ከዚያ የምትሠሪውን ሁሉ ዘርዝሪ፣ ከዚያ ዋጋውን ተናግረሽ ዝም በዪ። ከኋላዬ እየተቀበለች በዐረብኛ ታንሾካሹክ ጀመር። መሐል ላይ ሌላ ስልክ ገባብኝ፤ የሐጂ ቁጥር ነው። እህቴን ግን አላቋረጥኳትም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

ለይላ አሁን ዘጋች፤ ማዳሜን ዛሬ እላታለሁ ብላኛለች። ጌታነህ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ለሐጂ መልሼ ልደውል ነው። ቢስሚላህ።