የየሻረግ ሽሮ በፍልሰታ

ጁባ፣ ሙኑኪ፣ ነሐሴ 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀኒ፣ ካምፓላ። የፍልሰታዋ እመቤት በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ተኩሱም ረግቧል።

ከእናንተ ከኡጋንዳ የሚመጣው የኒሙሌ መንገድ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ከዚያ በኩል ጭነት የሚባል አይገባም። «እማዬ፣ ዕቃ አታከማቺ፣ ይነቅዝብሻል፤ መኪናው እንደሆነ በየሳምንቱ ይመጣል» ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ቀረ። በጾሙ መሐል ሽሮዬ አልቆ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ማፊ፣ የለም» እያልኩ ባዶ ምግብ ቤቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ጎረቤታችን የሻረግ፣ ያቺ ጴንጤዋ ባለ ምግብ ቤት፣ መጋዘኗ እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። ፍልሰታን የማትጾም ሴት ጿሚውን ሁሉ ሰብስባ ታበላ ጀመር! ከእኔ ቤት ሌላ የማያውቀው ጋሽ ሠርፀ እንኳ አንገቱን ደፍቶ በደጄ አልፎ እሷ ዘንድ ገባ። አንጀቴ አረረ።

ማክሰኞ ዕለት ራሷ አንድ ማዳበሪያ ሽሮ አሸክማ መጣች። «እትዬ አስረሳሽ፣ መንገዱ ሲከፈት ይመልሱልኛል» አለችኝ። እምቢ እንዳልል ቤቴ ባዶ ነው፤ ተቀብዬ ሠራሁት። ጋሽ ሠርፀም ተመልሶ መጣ። ሳህኑን ጠርጎ በላና «የዛሬው ሽሮሽስ ከወትሮው ይለያል፣ እጅሽ ይባረክ» አይለኝ መሰለሽ!

ልጄ፣ ትምህርትሽን ያቅናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። አደራ፣ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ስታገኚ ሽሮ ላኪልኝ፣ ብድሯን ልመልስ። ሁለት ዓይነት አድርጊው፤ የጣፈጠው ለእኔ ቤት ይሁን፤ ለብድሩ እንደነገሩም ቢሆን ይበቃል።

እናትሽ አስረሳሽ